የሦስት ሳምንት ጢም

ሟቹ በጋዝ መፈተሻው ክፍል ወለል ላይ፣ ጭንብሉን እንዳጠለቀ በጀርባው ተዘርሯል። ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲናፈስ ቢቆይም አየሩ አሁንም ጉሮሮ ይከረክራል። መርማሪዋ ሽታውን ታውቀዋለች። ታናሽ ወንድሟ ከጦር ግንባር ሲመለስ ልብሱ ላይ ነበር፤ ዛሬም ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚያድረው፣ ከተጋደመ ይታፈናልና።

ፋብሪካው ለወታደር የጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሠራል። ሟቹ ደግሞ ከየጭነቱ አንዱን አጥልቆ ጋዙ ውስጥ እየገባ «ያድናል» ብሎ የሚፈርም ፈታሽ ነበር። በሩ ላይ አምስት ሺህ ጭንብል የጫኑ መኪኖች ሞተራቸውን አስነስተው ቆመዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ግንባር ይነሳሉ።

«ሐዘን ሰውን ያዘናጋል» አለ ሥራ አስኪያጁ ከደጃፉ ሆኖ። ሙሉ ልብሱ ላይ አንዲት ጉድፍ የለችም። «ልጁ ግንባር ከሞተ ወዲህ ልቡ እዚህ አልነበረም። የኋላ ማሰሪያውን ሳያጠብቅ ገባ፣ አለቀ። ጭነቱን ለምን እናዘግያለን? ልጆቹ ግንባር ላይ እየጠበቁት ነው።»

«ልጆቹ» ሲል ደሟ ፈላ። ቢሆንም ዋጥ አድርጋ፣ «ገብተው አይተውታል?» አለችው።

«እኔ? እዚያ ክፍል አንድም ቀን እግሬን አላስገባሁም።»

የፋብሪካው ሐኪም አስከሬኑን ቀና አድርጎ ጭንብሉን አወለቀ። ማሰሪያው እውነትም ላልቶ ነበር። የሟቹ ጉንጭ ጥቅጥቅ ባለ ጢም ተሸፍኗል፤ ማጅራቱ ላይ እብጠት አለ።

«አፉ ላይ ያለውን አረፋ ይዩት» አለ ሐኪሙ። «ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ሰው በደረቅ መሬት ሰጠመ ማለት ነው። ስንቱን እንዲህ ገነዝኩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ቆዳቸው ተልጦ፣ እናታቸውን እየጠሩ። ይህን የፈለሰፈው ሰውዬ ግን ራቱን በልቶ ነው የሚተኛው።»

ጭንብል የሚያድሉት የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። የማንንም ፊት ሳይዳስሱ ስለማይሰጡ ፈታሾቹ «ጋሽ ጉንጭ ዳሳሽ» ይሏቸዋል።

«ለምንድን ነው የሚዳስሱት፣ አባባ?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«ጢም ካለ ጎማው ፊት ላይ አይገጥምም፣ ልጄ። ጋዙ በዚያው ይሰርጋል። እሱ ልጁ ከሞተ ሦስት ሳምንት ምላጭ አልነካም። ‹እንዳልፈርም ብዬ ነው› አለኝ።»

«እንዳይፈርም ማለት ነው? ለምን?»

ሽማግሌው ከጭነቱ አንድ የጭንብል ማጣሪያ አንስተው በጥፍራቸው ፋቁት። ከአዲሱ ቀለም ሥር ዝገት ወጣ።

«አሮጌ ነው። የልጁ ጭንብል ከልብሱ ጋር ሲመለስ ነው ያወቅነው። እኛ የምንፈትሸው ከቢሮ ተመርጦ የሚመጣልንን ነበር። የተጫነውን ማን ከፍቶ አየ? አባት በገዛ ፊርማው ልጁን ቀበረ።»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የክፍሉን ቁልፍ የሚይዙትን ሦስቱን ሰዎች፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ሐኪሙንና ሽማግሌውን፣ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ሰው ለፍተሻ አልገባም» አለች። «ባለጢም ፈታሽ ጋዝ ውስጥ አይገባም። አልፈርምም ስላለ ማጅራቱን መትተው ጋዙ ውስጥ ጥለውታል፤ አደጋ እንዲመስልም ጭንብል አጠለቁለት። አባባ ቢሆኑ ጢም ላይ ጭንብል አያስሩም። ሐኪሙም እንዲሁ። ይህን ስህተት የሚሠራው ጭንብል አጥልቆ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቅ አለ። «ግምት ነው።»

«ማሰሪያውስ? ሟቹ በጀርባው ነበር የተኛው፣ ማሰሪያውም ከማጅራቱ ሥር። ማንም ሳይነካው መላላቱን ነገሩኝ። ገብቼም አላውቅም አሉ። በምን አዩት?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሐኪሙ ጡጫውን ጨብጦ ወደ እሱ ተራመደ፤ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

መርማሪዋ ከጭነቱ ያመጣችውን ጭንብል ዘረጋችለት። «ደህና ነው ካሉ ያጥልቁትና አብረን እንግባ። እኔም ከዚሁ ጭነት አጠልቃለሁ።»

«ይህንን?» ወደ ኋላ ሸሸ። «ይህማ ይገድላል።»

ሽማግሌው ወደ በሩ ሄደው «አውርዱ፣ ልጆቼ! አንድም እንዳትቀር!» ብለው ጮኹ። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

መርማሪዋ የሥራ አስኪያጁን እጅ በካቴና አሰረች።

«ወንድሜ ግን አልሸሸም» አለችው። «አምኗችሁ አጠለቀው።»