መድኃኒቱ አለበት

ሼህ ሰዲቅ የሞቱት ሙዚየሙ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው፤ ያውም እዛው አዳራሹ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ። መካነ ሰላም ለሚሊኒየሙ አምራ አምራ፣ የደሴ እንግዶች አቀስታን አልፈዋል ተብሎ ተደውሎ፣ እሳቸው ግን ከንፈራቸው ጥቁር ብሎ ቀሩ። ልጃቸው ፈዲላ ይሄን የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ድጋሚ ለማስከፈት አምስት ዓመት ሙሉ ያላንኳኳችው ቢሮ የለም። ዛሬ ካልተከፈተ ቤቱ ለእህል መጋዘን ይሰጣል ተብላለች፤ በቃ።

ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ መጣች። ሴትዮዋ ደግሞ አንድ ነገር አያመልጣትም። ስድስት ሎህ፣ ያ የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበት ጣውላ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰባተኛዋ ሼሁ እግር ሥር ናት፣ ጽሑፏ ታጥቦ፣ ገና እርጥብ። አጠገቧ ባዶ ጣሳ።

ጥበቃው ጋሽ ፈንታው ሻይ ያፈላው እሱ መሆኑን፣ ግን ሁሉም ከዛው ፔርሙዝ እንደጠጡ ተናገረ። ሠዓሊው ሁዜይፋም ሎሆቹ በመሰቀላቸው ትናንት ከሼሁ ጋር መጨቃጨቁን አልካደም፤ አያ፣ የቁርኣኑ ቃል፣ ለሕመም ነው እንጂ ለጌጥ አይሰቀልም ብለውት ነበር። ፈዲላ ራሳቸውን አሟቸው እንደነበር ብቻ ተናገረች።

«መጨረሻ ያናገሩት ማንን ነው?» አለች ብርሀንነሽ።

«ልጃቸውን» አለ ፈንታው። «እሷ ደጅ መሰላል ላይ ነበረች። ዓይናቸው ደክሟልና በመስኮት ‹ሎሁ መድኃኒቱ አለበት?› አሏት። ‹አለበት አባዬ፣ ሐሳብ አይግባዎት› አለቻቸው። ይኸው ነው።»

ብርሀንነሽ የተሰቀሉትን ሎሆች አንድ በአንድ አሸተተች። ከዛ ሦስቱንም ሰዎች ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩ ንጹሕ ነው፤ ሁላችሁም ጠጥታችሁ ደህና ናችሁ። መርዙ ያለው ሎሆቹ ላይ ነው፣ ሰባቱም ላይ። አንድ ሰው ሊገድል የመጣ ሰባት ጣውላ አይቀባም። የሥዕሎቹን ፍሬም እዩ፣ ምስጥ ጨርሶታል፤ ሎሆቹን ግን አልነካም። ሽታቸውም ፀረ ተባይ የተረጨ የባቄላ ማሳ ነው።» ወደ ፈዲላ ዞረች። «ሼሁ የጠየቁት ስለ አያው ነው፤ እንደ ወጉ አጥበው ሊጠጡት። አንቺ የመለስሽው ስለ ተባይ መድኃኒቱ ነው፣ ፈዲላ።»

ፈዲላ እኮ ጣሳውን ያየች ሰዓት ገብቷታል። ከተከፈተ በኋላ እናገራለሁ ብላ ነበር።

«ምስጥ እንዳይበላቸው ብዬ» አለች። «ሙዚየም ከገባ ማን ይጠጣዋል ብዬ።»

ሎሆቹ ለማስረጃ ወረዱ። የደሴ አውቶብስ ደጅ ላይ ክላክስ ሲያደርግ ፈንታው በሩን እየቆለፈ ነበር። የአባቷ የመጨረሻ ጽሕፈት ሰባተኛዋ ላይ ነበር፤ እሱንም ጠጥተውታል።