ድምፅ ያልነበራት ጥንቸል

በ1985 ዓ.ም. ገደማ እነ እንዳለው በሚኖሩበት የፍኖተ ሰላም ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው መምህር እጅጉ ቤት ብቻ ነው። የልጆች ፊልም ሲመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። የጠላ ሻጯ ልጅ እንዳለው ግን «እግሩ ጭቃ ነው» ተብሎ በመስኮት ያያል። ይህን ነገር እስካሁን አልረሳውም። ለምን ይረሳል?

የሚያዩት የባለ አንድ ጆሮዋን ጥንቸልና የቀበሮውን ካርቱን ነበር። ሙዚቃ እንጂ ንግግር የለውም። የመምህሩ ልጅ ዮርዳኖስ ከውስጥ ድምጿን አጎርንና ቀበሮውን ትሆናለች፤ እንዳለው ከውጭ ጥንቸሏን ሆኖ ይመልሳል።

«እመት ጥንቸል፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ደምበጫ ገበያ፣ አያ ቀበሮ። ለጥርስዎ ሞረድ ልገዛልዎ!»

ዘመኑ ሄደ። እንዳለው ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ቪዲዮ ቤት ከፈተ፤ መጠቆሚያ ዱላውን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና፣ እንግሊዝኛ ሳያውቅ፣ ፊልሙን በጎጃም አማርኛ ይተረጉማል። ዮርዳኖስ አስተማሪ ሆነች። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ጥንቸሏ ዛሬም ደምበጫ ትሄዳለች?»

እንዳለው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። ከዚያ ወዲያ መለያየት አልቻሉም።

እንዳለው በሰፈሩ ካህን በቄስ ገብረ ሕይወት መሪነት ሽማግሌ ላከ። መምህር እጅጉ ሽማግሌዎቹን ቆመው ነው የመለሷቸው።

«ቄስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄን የማያውቀውን ለሚተረጉም ውሸታም አልድርም።»

ወሬው በሳምንቱ ቡሬ ደረሰ።

ያን ሰሞን የዚያችው ጥንቸል ረጅሙ ፊልም ከባሕር ዳር መጣ። በዚህኛው ጥንቸሏ ትናገራለች፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ጓደኞቹ «ተወው፣ ያዋርዱሃል» አሉት። እሱ ግን ደጁ ላይ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ትርጉም በእንዳለው» ብሎ ለጠፈ።

ቤቱ ጢም አለ። መምህር እጅጉ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ዮርዳኖስ ከኋላ። ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ መምህሩ ተነሡ።

«ቁም! ጥንቸሏ ‹ቤቴ ናፈቀኝ› ነው ያለችው። አንተ ስለ ሞረድ ታወራለህ!»

ሰው ሳቀ። እንዳለው ፊቱ ጋለ፤ ዱላውን ግን አላስቀመጠም።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። እንግሊዝኛ አላውቅም።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጭራሽ አጠፋው።

«እንግዲህ እሷም እንደ ድሮዋ ናት፣ እኔም እንደ ድሮዬ።»

ወደ ኋላ፣ ወደ ዮርዳኖስ ተመለከተ። «አያ ቀበሮ፣ በር ተዘግቶብኛል። ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ?»

ቀበሮው አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ዮርዳኖስ ያባቷን ጀርባ አየች፤ ነጠላዋን በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። አንዱ ሳለ፤ ሌላው ዝም በል ብሎ ጎሸመው።

«መጣሁ፣ እመት ጥንቸል!» አለች፣ ድምጿን አጎርንና። «የሚከለክለኝን አያለሁ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ዮርዳኖስ! ተነሺ፣ ወደ ቤት!»

«ፊልሙ አላለቀም፣ አባባ። ከወደዱ ይቀመጡ።»

ሰው እያሳለፋት ወደ ፊት መጣችና ከቴሌቪዥኑ በወዲያኛው ጎን ቆመች። አባቷ ወጡ።

በሚያዝያ ተጋቡ። መምህር እጅጉ ሠርጉን አልረገጡም። ይቅርባቸው! ቄስ ገብረ ሕይወት በአባት ቦታ ሆነው መረቁ። ሙሽራ አንገቷን ትድፋ ቢሏትም፣ ዮርዳኖስ ቀና ብላ፣ መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማት፣ ሦስት ጊዜ «አሜን» አለች።