ድምፅ የሌለው በረራ

ኤዶም የግራፊክስ ካርዱን ፋን በቀለም ብሩሽ እየጠረገች ነበር። ፋኑ እንዳይዞር በግራ እጇ ጣት ይዛ ብሩሹን ከመሃል ወደ ዳር ትስበዋለች። አቧራው ሲነሳ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ከዚያ እንደገና ከመሃል ትጀምራለች።

ከባንኮኒው ማዶ ኤልቃና ቆሟል። ቁጭ በል ብላው ነበር፤ አልተቀመጠም። ዓይኑ ከጣቷ ላይ አይነሳም፤ እሷ ቀና ስትል ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቻርጀሮች ማየት ይጀምራል።

ኮምፒውተሩን ከሰበታ ቡራዩ ድረስ ይዞ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነው። ሲፒዩውን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ታክሲ እየቀያየረ ነው የሚያመጣው። የሱቁ ባለቤት ኦቦ ቦጂያ በር ላይ ካለው ወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ይሄ ሰውዬ ልጁን ሊያስከትብ የመጣ ነው የሚመስለው» ይላሉ።

ኤልቃና የጦር አውሮፕላን ያበራል፤ ስክሪን ላይ። ጨዋታ ሲሉት ደስ አይለውም፤ ሲሙሌተር ነው ይላል። እያንዳንዱ ቁልፍ እንደ እውነተኛው ይሠራል፤ ሞተር ማስነሳት ራሱ ትምህርት ይጠይቃል። ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር። የጠላት አውሮፕላን ቀርቦ ውጊያው ሲጋጋል ምስሉ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቆምና ይዘልላል። በዚያች ቅጽበት ጠላት የነበረበት ቦታ ባዶ ሰማይ ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን ኤዶም ራሙ ከሚችለው ፍጥነት በታች ሲሠራ አገኘችውና አስተካከለችው። በሁለተኛው ሲሙሌተሩን ኤስኤስዲ ወደሚባለው ፈጣን ማከማቻ አዛወረች፤ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቅባት ቀየረች፤ የጥላውንና የደመናውን ጥራት ቀነሰች። ደመናውን ስትቀንስ ኤልቃና «ትንሽ ተዪልኝ» አላት። «ደመና ከሌለው ሰማይ አይመስልም።» ትንሽ ተወችለት።

ሁለቱንም ጊዜ፣ እሱ ቀድቶ ያስቀመጠውን አንድ የውጊያ በረራ ከፍታ ስትሞክረው ምስሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሰበታ ሲገባ ግን ያው ነው።

ኤዶም ማንኛውንም ኮምፒውተር ከመንካቷ በፊት ድምፁን ትዘጋለች። ስፒከሩን ትነቅላለች፤ ጆሮ ላይ የሚደረግ ሄድሴት ይዞ የመጣ ካለም መልሳ ትሰጠዋለች። ኦቦ ቦጂያ ለጎረቤት ሱቆች አስባ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አክስቷ ጋ ቡራዩ ከመምጣቷ በፊት ትኖርበት በነበረው ከተማ ላይ አንድ ቀን ረፋድ አውሮፕላን አለፈ። እናቷና እሷ አልጋ ሥር ነበሩ። ድምፁ ሄደ ሲሉ ተመለሰ። ሲወጡ የጎረቤታቸው ቤት ቤት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን እንኳ በላይዋ ሲያልፍ፣ ድምፁ እስኪርቅ እጇ የያዘውን እንደያዘ ይቆማል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ፋኑን ጠርጋ ስትጨርስ ሁሉንም አገጣጠመችና ያንኑ የተቀዳ በረራ ከፈተች። ሦስቱም ስክሪኑን አዩ። አውሮፕላኖቹ በዝምታ ተሳደዱ፤ ተጠማዘዙ፤ አንደኛው ተቃጥሎ ወደቀ። ምስሉ አንዲት ጊዜ እንኳ አልዘለለም።

«አየህ ልጄ» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «ማሽኑ ጤነኛ ነው። የታመምከው አንተ ነህ።»

«ቤት ሲገባ ነው የሚያስቸግረው፣ ኦቦ ቦጂያ።»

«ቤት ሲገባ ምን ያገኘዋል? ሴት ልጅ የወደደ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ሳጥን ተሸክሞ አይመላለስም። እኛም ሥራ አለብን።»

የኤልቃና ፊት ተለዋወጠ። «አልዋሸሁም» አለ። የተናገረው ለሳቸው ነበር፤ ያየው ግን ኤዶምን ነው። ከሷ አንዲት ቃል ይጠብቅ ነበር።

ኤዶም ቃሉን ፈለገችው። ከዚህ በፊት እሷን ለማየት ሲሉ የደህና ቻርጀር ሽቦ በጥሰው የሚመጡ ልጆች ገጥመዋታል። ስክሪኑ ደግሞ ፊት ለፊቷ በሰላም ይበራል። ቃሉን ሳታገኝ ገመዶቹን ነቀለች።

እሱ ብርድ ልብሱን ዘረጋ። ቀስ ብሎ ጠቀለለ፤ ጫፉን ከሥር አስገባ። «ከአሁን በኋላ አላስቸግራችሁም» ብሎ ወጣ።

«ኢንታላ ኮ» አሏት ኦቦ ቦጂያ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እንዲህ ያለውን ቶሎ መቁረጥ ነው።»

ሳምንቱ ረዘመባት። ዋሽቶ ከሆነ እንደሌሎቹ ነው፤ ይረሳል። ካልዋሸ ግን እጇ የሳተው ነገር አለ፤ በሷ ስህተት ውሸታም ተብሎ ሄዷል ማለት ነው። ከሁለቱ የቱ ይሻልሻል ብላ ራሷን ስትጠይቅ መልሱ አስደነገጣት። የራሷ ስህተት እንዲሆን ፈለገች።

ሰበታ ያለው፣ ቡራዩ የሌለው ምንድን ነው? መብራቱን አሰበች፤ ስታቢላይዘር እንዳለው ነግሯታል። ሙቀቱን አሰበች፤ ሰበታ ከቡራዩ ያን ያህል አይሞቅም። ሐሙስ ረፋድ አንዲት ተማሪ ኮምፒውተር ልታሠራ መጣች። ኤዶም እንደ ልማዷ የስፒከሩን ገመድ ነቀለችና፣ ገመዱን እንደያዘች ቀረች።

ደወለችለት። ቶሎ አላነሳም።

«ስትበር ሄድሴት ታደርጋለህ?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ያለ ድምፅ እንዴት ይበረራል?» አነጋገሩ ነገሩን ዘግቶ መሄድ እንደሚፈልግ ሰው ነበር። «ለማንኛውም ተይው። ቅዳሜ ከሰዓት ውድድር አለን፤ እኔና ሱሉልታ ያለው ጓደኛዬ ከማል። እንደምንም እንወጣዋለን።»

ሄድሴቱን ይዘህ ና ልትለው ትችል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ።»

ለኦቦ ቦጂያ ጉዳይ አለብኝ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ቅዳሜ በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል ሰበታ ስትደርስ ኤልቃና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሰላምታቸው አጭር ነበር። ባጃጁ ውስጥ የመሣሪያ ቦርሳዋ መሃላቸው ተቀመጠ፤ ሁለቱም ያዙት።

እናቱ ወይዘሮ ተስፋነሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት፤ የዚያን ቀን ፈረቃ አልነበራቸውም። ኤዶምን አገላብጠው ሳሟት፤ ከዚያ ሳሎኑ ጥግ ወዳለው ስክሪን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይሄ ልጅ ከዚያ ወንበር ሳይነሳ ስንት አገር ዞሯል መሰለሽ። አንድ ቀን እንኳ ስኳር ይዞልኝ አልመጣም።»

የሲፒዩውን የጎን ክዳን እየፈታች ለምን መብረር እንደሚወድ ጠየቀችው። ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ እንደሚመረምር ነገራት። ጠርሙሶቹ በፊቱ ያልፋሉ፤ ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ከክንዱ ርዝመት አልፎ አይሄድም።

«እዚህ ስቀመጥ ግን አድማስ አለ» አላት።

በመጀመሪያ ያለ ሄድሴት እንዲከፍተው አዘዘችው። የተቀዳው በረራ ቡራዩ እንደነበረው በሰላም ሄደ። ኤልቃና ከንፈሩን ነከሰ። «ዛሬ ደግሞ…»

«ቆይ። አሁን ሄድሴቱን ሰካው።»

ሰካው። በረራው እንደገና ተጀመረ። ውጊያው ሲጋጋል ምስሉ ቆመ፤ ዘለለ፤ ደግሞ ቆመ።

«ይኸው» አለ። አልጮኸም፤ ምስክር እንደተገኘለት ሰው ነበር ያለው።

ኤዶም ምስሉ ሲቆም ድምፁም አብሮ ይቆራረጥ እንደሆነ ጠየቀችው። ከተቆራረጠ ጥፋቱ የሄድሴቱ ሶፍትዌር ነው፤ ካልተቆራረጠ ሌላ ቦታ መፈለግ አለባት፤ ውድድሩ ደግሞ ቀርቧል። ኤልቃና ለማስታወስ ሞከረ። አላስተዋለም፤ በዚያ ሰዓት ዓይን እንጂ ጆሮ እንደሌለው ነገራት።

ሌላ መንገድ አልነበረም። ሄድሴቱን ከእጁ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

የሰማችው ግን አውሮፕላን አልነበረም።

«ወንድሜ፣ መጣች እንዴ?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። «ዛሬ እንኳ ንገራትና እረፍ። ስለ ጣቷ ስታወራልኝ እኔም ኮምፒውተሬን ሰብሬ ቡራዩ ልወስደው ምንም አልቀረኝ።»

ኤዶም ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ኤዶም ነኝ።»

ከሱሉልታ በኩል ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማት።

«እኔ… ከማል ነኝ። ከመስመር ወጥቻለሁ።» ጠቅ አለ።

«ምን አለሽ?» አለ ኤልቃና።

«ከመስመር ወጥቻለሁ አለ።»

ኦቦ ቦጂያ ግማሹን አውቀው ነበር ማለት ነው። ኤልቃና፣ የሰማችው ነገር ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየ፤ አቀረቀረ። እጁ በረራውን የሚያስጀምረው ቁልፍ ላይ ነበር።

«ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው።

ነገረችው። አልጋውን፣ ሄደ ሲሉ የተመለሰውን ድምፅ፣ የጎረቤታቸውን ቤት። ድምፅ እየነቀለች እንደምትሠራ፣ ስለዚህም ይህን ሄድሴት አንድም ቀን አምጣ እንዳላለችው ነገረችው። ወይዘሮ ተስፋነሽ በሩ ጋ የያዙትን ልብስ ማጠፍ አቁመው ነበር።

«አውሮፕላን ሲያልፍ እጅሽ ሲቆም አይቼ ነበር» አለ ኤልቃና ቀስ ብሎ። «መጠየቅ ፈራሁ።» ከዚያ እጁን ወደ ገመዱ ሰደደ። «ይቅር። አልወዳደርም።»

አንጓውን ያዘችው።

«አትንቀለው። እኔ ነኝ ስነቅል የኖርኩት። አንተን ውሸታም ያስባለህ ይሄ ነው።»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ…»

«ክፈተው።»

መጀመሪያ ፉጨት ነበር፤ ቀጭን፣ ከሩቅ። ከዚያ ደረቷ ውስጥ ገባ። የአልጋው ጣውላ፣ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ፣ የእናቷ እጅ አንገቷ ላይ። ጥፍሯን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ አጸናች። አውሮፕላኑ ተጠማዘዘ። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ሌላ ድምፅ ተደረበ፤ ምስሉ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ድምፁ እንደ ጨርቅ ተቀደደ።

አላወለቀችውም። አንድ ጊዜ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ምስሉ እንደገና እስኪቆም ጠበቀች። ድምፁም አብሮ ተቀደደ። ያኔ አወለቀችው።

እጇ ሄድሴቱን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ኤልቃና እጁን ከእጇ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አልነካትም። ሄድሴቱን እስክትለቅ ሁለቱ እጆች ጎን ለጎን ቆዩ። ወይዘሮ ተስፋነሽ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገቧ አኑረው ተመለሱ።

«ሶፍትዌሩ ነው» አለች ከጠጣች በኋላ።

ከሄድሴቱ ጋር የመጣው ፕሮግራም ድምፁን ከዙሪያው የሚመጣ ለማስመሰል ፕሮሰሰሩን ያስጨንቀዋል፤ ድምፅ ሲበዛ ምስሉ ወረፋ ይጠብቃል። አጠፋችው። ከዊንዶውስ ጋር ያለውን ቀላሉን የድምፅ ድራይቨር ብቻ አስቀረች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ኤልቃና ሄድሴቱን ሊያደርገው አነሳው፤ እሷ ቀድማ ተቀበለችው። ከመነሻው እስከ መውደቂያው ሰማችው። ምስሉ አልዘለለም፤ ድምፁ አልተቀደደም።

«አልወደድኩትም» አለችው ስታወልቅ። «መቼም የምወደው አይመስለኝም።»

«እኔም ውደጂው አልልሽም። ሄድሴት የተሠራው ለዚህ ነው፤ እኔ ብቻ እሰማዋለሁ።»

አየችው። በዚህ ጊዜ ወደ ግድግዳው አልሸሸም።

ውድድሩ ሲጀመር ግቢ ወጣች። ከውስጥ የጆይስቲኩ ቀጭ ቀጭታና አልፎ አልፎ የኤልቃና ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስልኳን አውጥታ ኦቦ ቦጂያ ጋ ደወለች።

«ኦቦ ቦጂያ፣ ልጁ አልዋሸም። ስህተቱ የኔ ነው። ድምፅ ሳልከፍት ስለምሞክረው ነው ያላየሁት።»

«ሰበታ ነሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«በኮምፒውተሩ እሺ፣ አልዋሸም። ስለ ሌላውስ?»

«ስለ ሌላው እስካሁን አልተጠየቀም።»

ኦቦ ቦጂያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። «እንግዲያው ይቅርታ ብለዋል በዪው» አሉና ዘጉ።

ኤልቃና ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ጸጉሩ ላይ የሄድሴቱ ምልክት ቀርቷል።

«ተሸነፍን» አላት። «ሁለተኛው ዙር ላይ። ከማል ተራራ ገጨ።»

«ምስሉስ?»

«አልዘለለም። ሲመቱኝ ጥርት አድርጌ ነው ያየሁት።»

አብረው ሳቁ። ክዳኑ ክፍት መቅረቱ ትዝ አላትና ገባች፤ እሱም ተከተላት። ክዳኑን ገጥማ የመጀመሪያውን ብሎን አስገባች። ኤልቃና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የቀሩትን በመዳፉ ያዘላት።

«ከማል ያለሽን ነገር» አለ፤ አልጨረሰውም። ሌላ ብሎን ወሰደች። «እሁድ ቡራዩ ብመጣስ?»

«እሁድ ሱቁ ዝግ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ኤዶም እጇን አላቆመችም። ብሎኑን እስከ መጨረሻው አዞረችው።

«ከሰዓት በኋላ ና» አለችው።

የመጨረሻውን ከመዳፉ አንስታ አጠበቀችው። ካቻቢቴዋን በጨርቅ ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዚፑን ዘጋች። ወይዘሮ ተስፋነሽ ቡና ቀርቧል ብለው ተጣሩ። ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።