ሁለተኛው ዙር የቀረ ጊዜ

«ሁለተኛው ዙር ተሰርዟል» አለ አሠልጣኙ በየነ። «ውድድሩ እዚህ ላይ አልቋል።»

ሜሉ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ አንዱን ታኬታዋን አስራ ሌላውን በእጇ ይዛ ነበር። የቡድኑ በረኛ መቅዲ፣ «ቆይ፣ ቆይ… አንደኛ አይደለንም እንዴ? ታዲያ ሻምፒዮን ሆንን ማለት ነዋ!» ስትል ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አንዷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ሌላዋ በኮዳዋ ያለውን ውሃ ወደ ጣሪያው ረጨች። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ማደጋቸው ነው።

ሜሉ ታኬታውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

የቡድኑ አምበል ሳሊና መጥታ አቀፈቻት። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ» አለቻት በጆሮዋ። «የአምበሎቹ ስብሰባ ላይ ብዙ ተከራክሬልሽ ነበር። ምን ላድርግ፣ በድምፅ በለጡን።»

ሜሉ አመነቻት። ሳሊናን ካላመነች ማንን ልታምን ነው?

ሁለቱ ያደጉት ኖርዌይ ውስጥ፣ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነው። የሳሊና ወላጆች ኤርትራውያን ቢሆኑም እናቷ አዲስ አበባ ስላደገች ቤታቸው ውስጥ አማርኛ ይነገራል። ሜዳ ላይም ተጋጣሚ እንዳይሰማቸው በአማርኛ ነው የሚጠራሩት። ባለፈው ዓመት የተከላካይዋ የሜሉ የጉልበት ጅማት ሲበጠስ አምቡላንሱ ውስጥ አብራት የገባችው ሳሊና ነበረች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቦርሳዋን ተሸክማላታለች፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ከጎኗ ሆና ሶምሶማ አስሩጣታለች። ሜሉ ደክሟት ስትቆም፣ «ተንቀሳቀሺ እንጂ! ሁለተኛው ዙር ያንቺ ነው» ትላት ነበር። ሜሉ የመጀመሪያውን ዙር በሙሉ ከመስመር ውጪ በጃኬት ተጠቅልላ ስትጮህ ያሳለፈችው ያንን ቃል ስንቅ አድርጋ ነው።

ከትምህርት ቤት ዕረፍት በኋላ ጉልበቷን የምታክማት ፊዚዮዋ «አሁን መጫወት ትችያለሽ» ባለቻት ሰሞን ግን የአካባቢው ሜዳዎች ሰው ሠራሽ ሣር ተነሥቶ ሊቀየር ሆነ። የውድድሩ አዘጋጆች አምበሎቹን ሰበሰቡ። ወይ ውድድሩ በመጀመሪያው ዙር ውጤት ይቁም፣ ወይ ራቅ ባሉ ሜዳዎች ይቀጥል፤ ድምፅ ስጡ አሏቸው። ከስብሰባው በፊት የእነሜሉ ቡድን ተነጋግሮ ነበር። ሁሉም «እንጫወት» ብለው እጃቸውን አወጡ። ሳሊና ያንን ቃል ይዛ ሄደች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሜሉ ፉሩሴት የገበያ ማዕከል ውስጥ እናቷ የላከቻትን ስትገዛ ከኢንግሪድ ጋር ተገናኘች። ኢንግሪድ ሁለተኛ የወጣው ቡድን አምበል ናት።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለቻት በኖርዌይኛ፤ ፊቷ ግን ሌላ ነበር የሚናገረው። «ግማሽ ተጫውቶ ዋንጫ መውሰድ ጥሩ ነው፣ አይደል?»

«እኛ እኮ እንጫወት ነው ያልነው።»

ኢንግሪድ ሳቀች። «እናንተ? ይቁም ብላ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ያንቺ አምበል አይደለች እንዴ? ሲያመነቱ የነበሩትን ያሳመነችውም እሷ ናት። የተሸነፍነው በአንድ ድምፅ ነው።»

ሜሉ የገዛችውን ዕቃ መክፈያው ላይ ረስታው ወጣች።

ሳሊናን ሕንፃቸው ሥር ብስክሌቷን ስትቆልፍ አገኘቻት። «ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። ስብሰባው ላይ ምን ነበር ያልሽው?»

ሳሊና «ማን ነገረሽ?» ብላ አልጠየቀችም። ቁልፉን በጣቷ አዞረች። «ለቡድኑ ብዬ ነው።»

«ቡድኑማ እንጫወት ብሎሻል!»

«አይ፣ አይ፣ ስሚኝ። ሁለቱ አጥቂዎቻችን ሰፈር ቀይረው ሄደዋል። ሁለተኛው ዙር ቢቀጥል ኖሮ ሦስተኛም አንወጣም። ለማደግ ስንት ለፍተናል!»

«እኔስ?»

ሳሊና መሬት መሬቱን አየች። «አንቺማ… በየነ ያሰልፍሽ ነበር። እግርሽ ገና መሆኑን እያወቀ፣ ስላሳዘንሽው። በአንቺ በኩል እየገቡ ያገቡብን ነበር፣ ሜሉ።»

ጅማቷ የተበጠሰ ዕለት እንኳ እንዲህ አላመማትም።

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም? ‹ተከራከርኩልሽ› ያልሽኝስ ለምንድን ነው?»

«እንዳይከፋሽ ነዋ!»

«እንዳይከፋኝ!» አለች ሜሉ። ሌላ ቃል ስላጣች ሊፍቱን ሳትጠብቅ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

እናቷ ጤናዬ አረጋውያን ከምትንከባከብበት መጦሪያ፣ ከሲከየም፣ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።»

«ደንደስ ምንድን ነው?»

ጤናዬ አሰበች። «አንገቱ አካባቢ መሰለኝ። እኔ እንጃ። ብቻ ካላመኑት ፈረስ ከመውደቅ ይልቅ ያማል።»

ሜሉን ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። «እና ምን ላድርግ?»

«እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ግን አፍነሽ አትያዢው ልጄ፤ ውስጥሽን ይመርዘዋል።»

ዋንጫው በሚሰጥበት ቅዳሜ፣ ሁሉም ለባብሰው ሲጨርሱ ሜሉ መልበሻ ክፍሉ መሐል ቆመች። ያወቀችውን ነገረቻቸው። ስድብም ልቅሶም አልጨመረችበትም። ሳሊና አልካደችም።

ሜሉ የጠበቀችው ቁጣ ነበር። መቅዲ ግን የጓንቷን ክር እየጎተተች፣ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ሲሰረዝ ደስ ብሎኛል» አለች።

«እኔም» አለች ከጥግ አንዷ።

«ጠቅሞናል እኮ» አለች ሌላዋ፣ ሜሉን ሳታይ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን እጃችሁን አወጣችሁ?»

«አንቺ ፊታችን ተቀምጠሽ ምን እናድርግ?» አለች መቅዲ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሜሉ ተራ በተራ አየቻቸው። እዚህ ክፍል ስትገባ የከዳቻት አንዲት ልጅ ብቻ መስላት ነበር።

በሩ አጠገብ የነበረው በየነ ወደ መሐል መጣ። «ሳሊና የሰጠችው የቡድኑን ድምፅ አልነበረም። አሁን እንደገና እጅ አውጡ፤ እንጫወት ካላችሁ ለአዘጋጆቹ እናገራለሁ።»

ሁሉም ሜሉን ነበር የሚያዩት። እዚያው ከቆመች እጆቹ አንድ በአንድ እንደሚወጡ አወቀች፤ ያን ቀን እንደወጡት።

«ተወው በየነ» አለች። «ለእኔ ብለው እንዲያወጡ አልፈልግም።»

ሳሊና የአምበልነት ማሰሪያዋን ከክንዷ አውልቃ ዘረጋችላት። «ዋንጫውን አንቺ አንሺው።»

«አልተጫወትኩም እኮ» አለች ሜሉ፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በየነ ተከትሏት ወጣ። «ለሚመጣው ዓመት ቦታሽ አለ።»

«በእውነት ታሰልፈኝ ነበር?»

«እንዴታ!»

«ስላሳዘንኩህ?»

በየነ ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። ሜሉ ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። «ዘንድሮ መጫወት ነው የምፈልገው» አለችው። «ቢከብደኝም፣ በእኔ በኩል ጎል ቢገባም።»

«በደቡብ፣ ሞርተንሩድ በኩል ያለው ምድብ አልተሰረዘም» አለ እያሰበ። «ተከላካይ ሲፈልጉ ሰምቻለሁ። ላንቺ ግን ሩቅ ነው።»

«ይሁን። ደውልላቸው።»

በሳምንቱ ሜሉ በከተማው ባቡር በቲባነን ተሳፍራ ከተማውን ከዳር እዳር አቋርጣ ደቡብ ወዳለው አዲሱ ቡድኗ ስትሄድ ስልኳ ነዘረ። ሳሊና ናት፤ በአማርኛ ነው የጻፈችው። «ናፍቀሽኛል። ሰኞ አብረን እንሩጥ?»

ሜሉ ብዙ ጻፈች፤ ሁሉንም አጠፋችው። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ስልኩን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ «ሰኞ ልምምድ አለኝ» ብላ ላከች።

የት እንደሆነ አልጻፈችላትም።