ለጴጥሮስ የተላከ ምሳ

"ከየት አመጣሽው?" እንዳትሉኝ። የምጽፈው የሆነውን ነው። አብሮኝ ያየ ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ግን ዛሬም መሳለሚያ ላይ ካገኘኝ መንገድ ይቀይራል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም.። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ወፍጮው ያጓራል፤ ሰው ይጯጯኻል። እኔን ይበልጥ የሚዘገንነኝም ይኸው ነው።

ያኔ የጋሽ ኢስሀቅ አስተርጓሚ ነበርኩ። ጋሽ ኢስሀቅ ቅመም በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከበርበሬ ወፍጮው በላይ ያለችውን ክፍል ኮረሪማ ሊገዛ ለመጣ ፖላንዳዊ አከራይተዋታል። ስሙ ፒዮተር ነው። ሰፈሩ ጴጥሮስ አለውና ጴጥሮስ ሆኖ ቀረ።

እኔ ጴጥሮስን እንቀው ነበር።

ሙዝ በሳሙና ያጥባል። ጠዋት ጠዋት ሸክም የተሸከመ ሰው ሳያስፈቅድ ፎቶ ያነሳል፤ ማታ ለአገሩ ሰዎች "ከሕዝቡ ጋር ነው የምኖረው" ብሎ ይጽፋል። ከሕዝቡ ጋር ስምንት ወር ኖሮ "አመሰግናለሁ"ን እንኳ አስተካክሎ አይላትም።

ስለዚህ ፊት ለፊቱ ፈገግ እያልኩ በአማርኛ እሰድበዋለሁ።

"ይኸው መጣ ነጭ ሽንኩርቱ!"

ጋሽ ኢስሀቅ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፣ የተመሰገነ መስሎት።

በሽታው አገር ገባ የተባለ ሰሞን ሳቁ ቀረ። ትናንት "ሚስተር፣ ሻይ እንጠጣ" ሲል የነበረው ሁሉ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ "ኮሮና! ኮሮና!" እያለ ይጮህበት ጀመር። ጀግኖች! የአገሩ ሰዎች በአውሮፕላን ሲወጡ እሱ "ቤቴ እዚህ ነው" ብሎ ቀረ። ቤቱ... እሱም ጅል ነው።

አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ አሳለ።

በርበሬ በረንዳ የማያስል ማን አለ? ወፍጮው ሲነሳ አይጥ ሳይቀር ያስነጥሳል። ግን የእኛ ሳል የበርበሬ፣ የእሱ የበሽታ ሆነ።

ጋሽ ኢስሀቅ የክፍሉን በር ከውጭ አስቆለፉበት። ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ።

"አሥራ አራት ቀን ነው በይው። ምሳውን አንቺ ታደርሺለታለሽ።"

"የመንግሥት ትእዛዝ ነው" ብዬ ተረጎምኩለት። ውሸቴን ነው። አመሰገነኝ።

የብረት በሩ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። ምሳውን በፌስታል ቋጥሬ በሷ አቀብለዋለሁ። ቀይ ፀጉር የወረሰው ትልቅ እጁ ብቅ ይልና ይቀበለኛል።

በሦስተኛው ቀን አፉን ቀዳዳዋ ላይ አስጠግቶ ጠበቀኝ።

"ሀፍሷ፣ ብናኙ በወለሉ ስንጥቅ ይገባል። መተንፈስ አቃተኝ። እባክሽ ሐኪም ጥሪልኝ።"

ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ያለኝ። ወረድኩ። ጋሽ ኢስሀቅ ደረጃው ግርጌ ካለው የብረት መዝጊያ አያልፉም፤ ፈርተው።

"ምን አለ?"

እውነቱን ብናገር "ከሱ ይዞሻል" ተብሎ ቀጥሎ የሚቆለፍብኝ እኔ ነኝ።

"ደህና ነኝ አለ።"

"አልሐምዱሊላህ! አላልኩሽም? እንደውም ይወፍራል።"

በአራተኛው ቀን ሳሉ ቆመ።

ተሻለው አልኩ። ወፍጮው ከስር ያጓራል። እኔ ደረጃው ላይ እያስነጠስኩ እንባዬ ይወርዳል። ከበሩ ወዲያ ግን... አንዲት ሳል የለም።

እጁ ወጣ። ፌስታሉን ወሰደ።

እጁ ላይ ፀጉር አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን አናገረኝ። በሹክሹክታ... በአማርኛ።

"ነጭ ሽንኩርቱ ተኝቷል። ለኔ ስጪኝ።"

ፈራሁ? አልፈራሁም። አፈርኩ እንጂ። ለካ ሰውየው አማርኛ ይሰማል! ስምንት ወር ሙሉ ስድቤን እየሰማ ነው ሲስቅ የከረመው!

"ጴጥሮስ... አማርኛ ትችላለህ?"

"አንቺ የምትችዪውን ያህል።"

"ለጋሽ ኢስሀቅ እንዳትነግርብኝ። በእናትህ።"

"አልነግርም። አንቺም በሩን አትክፈቺ።"

ተስማማን። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

በስድስተኛው ቀን አቀበልኩ፣ ተቀበለ።

በሰባተኛው ቀን እጁ ሲወጣ ጥፍሮቹ ላይ ዓይኔ አረፈ። ሂና ተቀብተዋል። የትንሿ ጣት ሂና ግማሹ ለቋል።

የራሴን እጅ ገልብጬ አየሁ። ለእህቴ ኒካህ የተቀባሁት ሂና... የትንሿ ጣቴ ግማሹ ለቋል።

ፌስታሉ ከእጄ ወደቀ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

"ጋሼ፣ ይከፈት! ሰውየው ሊሞት ነው!"

"ደህና ነው አላልሽኝም?"

"ዋሽቼዎት ነው።"

ጩኸቴን ሰምቶ የተሰበሰበው ያ ሁሉ "ኮሮና!" ባይ ወደኋላ አፈገፈገ። ማሙሸት የሚባል ተሸካሚ ብቻ ጆንያውን አውርዶ ላቡን ጠረገ።

"ኩንታል ያልገደለኝን ጉንፋን ይገድለኛል? ነይ ክፈቺ።"

ወጣን። ቁልፉን አስገባሁ። ማሙሸት በሩን በትከሻው ገፍቶ ከግድግዳው አላተመው።

ክፍሉ ቀይ ነው። አልጋው፣ ወለሉ፣ የመስኮቱ ብረት፣ ሁሉም ብናኝ ለብሷል። ወለሉ ላይ አንድም የእግር ዱካ የለም። ካቀበልኩት ፌስታል የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ አሉ።

ጴጥሮስ ከበሩ እጅግ ርቆ፣ ጥግ ላይ ተኮራምቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ይተነፍሳል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

"በስመ አብ..." አለ ማሙሸት። "ይኼ ሰው እህል ከቀመሰ ሰንብቷል።"

"ውሃ" አለ ጴጥሮስ በእንግሊዝኛ። "ሐኪም። አራት ቀን ሙሉ ምንም አልደረሰኝም።"

"በየቀኑ አቀብዬሃለሁ እኮ! በእጅህ!"

ፊቱን ሳያዞር ራሱን ወዘወዘ።

"ስታነጋግሪው ሰምቻለሁ" አለኝ። "ለምን መለስሽለት?"

ከታች የጋሽ ኢስሀቅ ድምፅ መጣ።

"አንቺ! ምን አለ ሰውዬው?"

ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ልተረጉምላቸው ቆረጥኩ። ውሃ። ሐኪም። አራት ቀን። አየር ሳብኩ... በርበሬው ጉሮሮዬን ያዘኝ። በሁለት እጄ አፌን አፈንኩ።

"ሞቷል፣ ጋሼ" አለ ድምፄ። "ይዝጉት።"

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ከተጣበቀው በር ጀርባ ነው።

"ኢና ሊላሂ..." ሲሉ ሰማን ጋሽ ኢስሀቅ። ቀጥሎ ደረጃው ግርጌ ያለው የብረት መዝጊያ ተቀረቀረ።

ማሙሸት በሩን አላየም። እኔን ነበር የሚያየኝ፤ አፌ ላይ የተጫኑትን ሁለት እጆቼን።