ገብስ ሣር የተባለበት ዓመት

ንጉሥ ወናግደር በዘምባር ዙፋን በተቀመጡ በሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ የአጨዳ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ትርንጎ የምትባል የሃያ ዓመት አጫጅ የመጀመሪያውን ጭብጥ ገብስ ይዛ ማጭዷን ሰደደች። ማጭዱ አገዳውን ገና ከመንካቱ ፍሬው ሁሉ ረግፎ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ጨበጠች፤ እርሱም ረገፈ። ሦስተኛውን በቀስታ፣ እንደ እንቁላል ይዛ ሞከረችው፤ ረገፈ። ቀና ብላ ስታይ በሸለቆው ያሉት አጫጆች በሙሉ ባዶ አገዳ ይዘው ቆመዋል። ነፋስ አልነበረም። ፍሬው ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይንሿሿ ነበር።

ከአሥር የዘምባር ሰው ዘጠኙ የሚኖረው በገብስ ነው። ስለዚህ ለምልክቱ ፍርድ እንዲሰጡ የዓይነት ቤት ሹም አለቃ ምንዛር በበቅሎ መጡ። የዓይነት ቤት በምድሪቱ የሚበቅለው ሁሉ የሚመደብበት ቤት ነው። ምድቦቹ ሰባት ናቸው፤ የብርዕ እህል፣ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህል፣ ሥራሥር፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅመም። ከሰባቱ ያልገባ ሁሉ ሣር ይባላል። አለቃ ምንዛር ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አርባ ሁለቱን ያሳለፉት በዚያ ቤት ነው። ምሳ ሲቀርብላቸው እንኳ በምድቡ ቅደም ተከተል ካልሆነ አይነኩም ነበር።

ከመሬት ጥቂት ፍሬ አንስተው አዩና መዝገባቸውን ገለጡ።

«ፍሬውን በራሱ የሚበትን ሣር ነው፤ የሰውን እጅ የሚጠብቅ ሰብል ነው። ይህ በራሱ በትኗል። ስለዚህ ሣር ነው።» ማኅተማቸውንም አሳረፉበት።

«አለቃ፣ ገብስ እኮ ነው!» አለች ትርንጎ።

«ነበር።»

«ትናንት የበሉት ቂጣ ከምን ተጋገረ?»

«ትናንት ገብስ ከነበረው።»

ሣር ደግሞ በዘምባር ሕግ የከብት ነው። ከሰዓት በኋላ ከብት ጠባቂዎች መንጋቸውን ወደ ማሳው ነዱ። ትርንጎ ዱላ ይዛ ከፊታቸው ብትቆም «ማኅተም አለው፣ እመቤቴ!» እያሉ በግራና በቀኝ አለፏት። በሦስት ቀን ውስጥ ሸለቆው ተላጨ። መሬት የወደቀውን ፍሬ ለቅመው ሊያተርፉ ያሰቡት ሰዎችም ከበሬ ኮቴ ሥር ሲንበረከኩ ዋሉ።

ወሩ በገባ በአሥረኛው ቀን፣ መንጋው ገና ማሳው ላይ ሳለ፣ ንጉሡ ጉባኤ ጠሩ። የቤተ መንግሥቱ ትንቢት ነጋሪ አንድ የቆየ ብራና ዘርግቶ በታላቅ ድምፅ አነበበ። «ፍሬን ከዛላው ጋር የሚያያይዝ የወርቅ ችንካር አለ። የጉንዳኖች ንግሥት ሙርዳ በሰረቀችው ቀን ፍሬ ሁሉ ይረግፋል። ምልክቱን አስቀድማ ያየች ችንካሩን ታምጣ።»

ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት» አለች። «ሸለቆው በሙሉ አይቷል።»

«አስቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ» አሉ ንጉሡ። «ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ተጽፏል።»

የጻፉት አለቃ ምንዛር ነበሩ። ንጉሡም ችንካሩን አይቶ የሚመድብ ሰው ያስፈልጋል ብለው እርሳቸውንም ጨመሯቸው። ሦስተኛ ሆኖ የታዘዘው ዘርጋው የሚባል ጋሻ ጃግሬ ነው፤ ቁመቱ የበር ጉበን የሚነካ፣ እግሩ ግን ገና ሳይነሣ የሚያመው።

ትርንጎ በዙፋኑ ፊት ቆማ ማለች። «በረገጥኩት አፈር፣ በያዝኩት ማጭድ እምላለሁ፤ ፍሬውን የሚይዝ ገብስ ለዘምባር ሳላመጣ በቤቴ ደጃፍ አልቀመጥም። ዘር ካላገኘን የሚመጣው ዓመት ይበላናል።»

«የሚይዝ ገብስ ሳይሆን ችንካር ነው የታዘዝሽው» አሉ አለቃ ምንዛር በሹክሹክታ። «የመሐላ ቃል በትክክል ይባላል።»

ከከተማው ሲወጡ የምስጋናው እሳት ዝግጅት ተጀምሮ ነበር። በዘምባር በአጨዳው ወር ሠላሳኛ ቀን፣ ከየማሳው ምርጡ ዛላ በድንጋዩ ማማ ላይ ይቃጠላል። አንድ ዛላ ምርጥ መሆኑ የሚታወቀው ተወዝውዞ አንድም ፍሬ ካልጣለ ነው። የጣለው ለዘር ይቀመጣል፤ ያልጣለው ለእሳት ይሄዳል። ሦስት መቶ ዓመት እንዲህ ሆኗል። ዘንድሮም የእሳቱ ሹማምንት ከከብቶቹ ፊት ፊት እየቀደሙ ማሳውን ሁሉ አስሰው፣ ከመላው መንግሥት አሥራ ሁለት ነዶ ብቻ አግኝተው አስረውታል። ትርንጎ በአጠገቡ አለፈች። አየችው፤ ምንም አልመጣላትም። በኋላ በዚህ ራሷን ስንት ጊዜ እንደረገመች የሚያውቁ ያውቃሉ።

ዘጠኝ ቀን ተጓዙ። የነጭ አሸዋውን ምድር፣ ድንጋዩ በቀን የሚዘምርበትን ገደል፣ ሦስት ጨረቃ የሚታይበትን ሐይቅ አለፉ። ግርማው ሰውን የሚያንበረክክ አገር ነው፤ ነገር ግን አለቃ ምንዛር ከበቅሏቸው እየወረዱ በየአሥር እርምጃው ለአንድ ቅጠል ይቆሙ ነበር።

«ሥራሥር» ይላሉ ነቅለው።

«አለቃ፣ ውሃችን እያለቀ ነው» ትላለች ትርንጎ።

«አንድ ጊዜ። ሥሩ ይበላል ወይስ ቅጠሉ? ምድቡ በዚያ ይለያል።»

«እኔን ይመድቡኝ» ይላል ዘርጋው፣ ጫማውን አውልቆ ጣቶቹን እያሸ። «ከሥራሥር ያስገቡኝ። መቀበሬ ነው።»

«ሰው ምድብ የለውም። ዝም ብለህ ተራመድ።»

ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን ወደ ጉንዳኖቹ ሸለቆ ደረሱ። ጉንዳኖቹ የጥጃ ቁመት ነበራቸው፤ ጀርባቸው እንደ ተወለወለ ጥቁር ጋሻ ያበራል፣ ሲራመዱም ምድር እንደ ከበሮ ትመታለች። ዘርጋው የአባቶቹን ስም ጠርቶ ጦሩን ወረወረ፤ ጦሩ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ። ከዚያ ሦስቱንም በወገባቸው ነክሰው፣ እንደ ገለባ አንስተው፣ ወደ ምድር ሆድ አወረዷቸው። ዘርጋው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በጎኑ ሁለት የጥርስ ጠባሳ ነበረው።

ንግሥት ሙርዳ በተራራ በሚያህል የእህል ክምር ላይ ተኝታ ነበር። ድምፅዋ ከግድግዳው ሁሉ ይወጣል።

«ችንካር ልትሉኝ ነው» አለች።

ትርንጎ ያጠናችው የሹም ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት። «አዎ፣ ችንካር።»

«እናንተ አራተኞቹ ናችሁ። ለመጀመሪያው ጀግና ነገርኩት፣ ለሁለተኛው ነገርኩት፣ ለሦስተኛው ጮኼ ነገርኩት። እርሱ በመንገድ የወርቅ መርፌ አሠርቶ ይዞላችሁ ገባ፤ ሐውልት አቆማችሁለት። ችንካር የለም! ኖሮም አያውቅም! ስንት ጊዜ ልናገር?»

ከዚያም ከምድር አውጥታ አንድ ተዳፋት አሳየቻቸው። እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ቀጭን ሣር ነበር፤ የገብስ እናት ይህ ነው አለች። ትርንጎ አንዱን ዛላ በጣቷ ነካችው፤ ፍሬው ሁሉ ረገፈ፤ ጉንዳኖቹም ወዲያው ለቀሙት።

«አንዲት የተራበች ሴት ወደዚህ መጣች» አለች ንግሥቲቱ። «ከእናንተ ወገን ማረስ የሚባል ነገር ማንም ገና አያውቅም ነበር። ዛላውን ስትጨብጥ የሚበዛው ይረግፋል፤ ጥቂቱ እጇ ላይ ይቀራል። የቀረውን ወሰደች፣ ከጎጆዋ ደጃፍም በተነችው። በዓመቱ የበቀለው ትንሽ የበለጠ ያዘ። ከዚያም የያዘውን መርጣ እንደገና ዘራች። ዕድሜዋን በሙሉ፤ ልጆቿም ዕድሜያቸውን በሙሉ። ከእኔ ጋር ተማማልን፤ የሚረግፈው የእኔ ነው፣ የሚይዘው የእናንተ። እኔ ቃሌን አላፈረስኩም። እናንተ ግን የሚይዘውን መርጣችሁ ታቃጥላላችሁ፤ የሚረግፈውን ትዘራላችሁ። ሦስት መቶ ዓመት! ምን እንዲሆን ጠበቃችሁ?»

ትርንጎ አሥራ ሁለቱ ነዶ ትዝ አሏት። አለቃ ምንዛር መዝገባቸውን ከፍተው ዘጉት፤ እንደገና ከፍተው ዘጉት።

«ለእሳቱ ስንት ቀን ቀረን?» አለ ዘርጋው።

«አሥር» አለች ትርንጎ። «ለእግርህ አዝናለሁ፤ ሩጥ።»

በሠላሳኛው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ችቦው ተለኩሶ ሳለ ደረሱ። ዘርጋው ጋሻውን ይዞ የማማውን ደረጃ በሰውነቱ ዘጋ። ሕዝቡ ጮኸ። ትርንጎ የሰማችውን ሁሉ ለንጉሡ ነገረች፤ የሴቲቱን፣ የመሐላውን፣ የሚይዘውንና የሚረግፈውን።

«ችንካር ላክሁሽ፤ ወሬ አመጣሽልኝ!» አሉ ንጉሥ ወናግደር። «ስነግሥ ምያለሁ። ከዘምባር ሰብል ምርጡ ለእሳት ነው። አያቴ አቃጠሉ፣ አባቴ አቃጠሉ። እኔ በአንዲት አጫጅ ቃል መሐላ ላፍርስ?»

«ሕዝቡ ቢራብስ?» አለች ትርንጎ።

«የተራበ ሕዝብ ይጠግባል። የፈረሰ መሐላ አይጠገንም።»

ችቦው ወደ ላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ አለቃ ምንዛር ከበቅሏቸው ወርደው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ መዝገባቸውን ከራሳቸው በላይ አነሡ።

«ለእሳት የሚቀርበው ሰብል ነው!» አሉ። እንዲያ ያለ ድምፅ እንደነበራቸው ማንም አያውቅም ነበር። «ገብስ ግን ከዚህ ወር ዘጠነኛ ቀን ጀምሮ በእኔ ማኅተም ሣር ነው። ሣር ለምስጋናው እሳት ያቀረበ ንጉሥ መሐላውን ያፈረሰው ያኔ ነው። ይኸው፤ ያንብቡት!»

ንጉሡ አነበቡ። ሊቃውንቱም አነበቡ። ችቦው ወረደ። ትርንጎ መሳቅና አለቃውን ማነቅ እኩል አማራት፤ ያ ማኅተም ማሳውን ለከብት ያስበላ ማኅተም ነበርና።

ንጉሡ ግን አልተሸነፉም። «መልካም፤ ሣራችሁን ውሰዱ። ሣር የሚጠብቅ ሰው ከመንግሥት ጎተራ አይሰፈርለትም። የሰፈረለትም እጁ ይቆረጣል።»

አሥራ ሁለቱ ነዶ ሲወቃ አራት ቁና ሆነ። ሦስቱ ከከተማው ውጪ ካለ ምንጭ አጠገብ ሁለቱን ቁና ዘሩ፤ ሁለቱን አስቀመጡ። ዘርጋው ውሃ ይቀዳል፣ ትርንጎ ትኮተኩታለች፤ ቅጠልና ሥር ለቅመው ይበላሉ። በአርባኛው ቀን በረዶ ወርዶ ቡቃያውን ከአፈር ጋር አንድ አደረገው። እርጥቡ መሬት እስኪጠፍፍ ሃያ ቀን መጠበቅ ነበረባቸው። የሚለቀም ቅጠልም በረዶው አልተወላቸውም።

ሁለቱ ቁና ዘር በአለቃ ምንዛር ጎጆ ነበር። ከረጢቱን ተንተርሰው ይተኛሉ። እጃቸው እንደ አገዳ ቀጠነ፤ ድርሻቸውን «አልራበኝም» እያሉ ለዘርጋው ይሰጡት እንደነበር ትርንጎ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

«አለቃ፣ አንድ ጭብጥ» አለች። «አንድ ጭብጥ ብቻ ቆልቼ ልስጥዎ። በአንድ ጭብጥ መንግሥት አይፈርስም።»

«ቆልተሽ የምትሰጪኝ ምድቡ ምንድን ነው?»

«ኧረ በፈጠረዎት! ገብስ ነዋ፤ የብርዕ እህል!»

«አይደለም። እህል የሚበላው ነው። ይህ ዘር ነው። ዘር ለብቻው ምድብ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ስምንተኛ። ማንም አልከፈተውም። ቢከፈት ኖሮ ምርጡን ወዴት እንደምናኖር እናውቅ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት እህልና ዘርን በአንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ልጄ። አሁን ከስምንተኛው ምድብ እንድበላ ነው የምትፈልጊው?»

«ሰው እየሞተ ስለ ገጽ ያወራሉ! እንግዲህ ይሙቱ! ከነምድብዎ ይሙቱ!»

ይህን ያለችው ማክሰኞ ነው። በሩን በርግዳ ወጣች፤ ረቡዕ ወደዚያ ጎጆ አልሄደችም፤ ተናዳ ነበር። ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘርጋው መጥቶ በተጠለለችበት ዳስ ፊት ቆመ። «አለቃ ሌሊቱን አረፉ» አለ። አለቃው ማታውን ከረጢቱን ከእርጥቡ ግድግዳ እንዲያርቅላቸው ነግረውት ነበር። ሌላ ምንም አላሉም።

ትርንጎ ከረጢቱን ከፍታ ሰፈረችው። ሁለት ቁና ነበር፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም። «ግትር! ግትር ሽማግሌ!» እያለች አለቀሰች፤ ዘርጋውም ትከሻዋን ያዘ። ቀብረዋቸው ሲመለሱ መሬቱ ጠፍፎ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘሩ።

በአራተኛው ወር ትርንጎ ማጭዷን ሰደደች፤ ገብሱም ያዘ። ሃያ ሦስት ቁና ገባ። ከዚያ ውስጥ እየወዘወዘች ምንም ያልጣለውን ለየች፤ ለየሸለቆው ሰዎችም ለዘር አከፋፈለችው። በዚያ ዓመት ከዚያ ገብስ የበላ ሰው የለም። የዘምባር ሰው የገብስ ቂጣ የበላው በሦስተኛው ዓመት ነው።