ታጥቦ የሚወጣው መድኃኒት

ኢንስፔክተር የትናየት ቆቦ ውስጥ ከሟቹ ከጀሚል ቤት ስትደርስ ሬሳው ገና አልታጠበም። ቀብሩ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ተይዟል። የሟች ታናሽ ወንድም ሙህሲን በር ላይ ጠብቆ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«ይሰሩኝ። መርፌ ወግቼ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ጥድፊያው አልጣማትም። ዘልቃ ገባች። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት እማማ ሀሊሜ ግንባሯን ይዘው «አላህ ያቆይሽ ልጄ፣ እንትፍ እንትፍ» ሲሉ መረቋት። ትንፋሻቸው ነጭ ሽንኩርት ሸተታት።

የሟች ሚስት ዚነት አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ባሏ እየጠራት ይመስል በየመሀሉ «አቤት!» ትላለች።

«እማማ ምን ቀመሱ?» ስትል የትናየት በዚነት ጆሮ ጠየቀቻት።

«ከትናንት ቀትር ወዲህ ውሃ ብቻ።»

በደም ካንሰር ሲማቅቅ የቆየውን የጀሚልን ሬሳ ገልጣ አየች። የመርፌ ቀዳዳ የለም። ደረቱ ወዝቷል፤ እሱም ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ራስጌው ባዶ ጠርሙስ አለ።

«ይኼ ምንድነው?» አለችው ሙህሲንን።

«አዲስ አበባ የምሠራበት ቤተ ሙከራ የበሽተኛን የደም ሴል ከሰውነት ውጭ አባዝቶ ይመልሳል። ይኼ መድኃኒት ሴሉ ሲባዛ የማንፈልገውን ጠባይ እንዳያመጣ ይገታል። በመጨረሻ ታጥቦ ይወጣል እንጂ ሰው ውስጥ አይገባም። ጊዜው ያለፈበትን እዚህ ላሉ ተማሪዎች ላሳይ አመጣሁት።»

«በእጅ ይነካል?»

«ያለ ጓንት አንነካውም። መድኃኒቱ የሟሟበት ፈሳሽ በቆዳ ይዘልቃል፤ ትንፋሽን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት...» ብሎ ከንፈሩን ነከሰ።

ሁሉንም ሬሳው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ጀሚል አልተወጋም፤ ደረቱን በዚህ መድኃኒት ታሽቷል። በባዶ እጁ ያሸው ሰው ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሙህሲን አይሸትም። ዚነትም አቅፋኝ ስታለቅስ አልሸተተችኝም።»

«በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይጨርሱት!» ሙህሲን እግሯ ላይ ወደቀ። «እኔ ታስሬ ልቅር፣ እሷ ግን አትወቅ!»

የትናየት ሥራዋን ጠላች። ዝም ብትል ግን ንጹሕ ሰው ወንድሙን ሳይቀብር ሊታሰር ነው።

«እማማ፣ መረቁኝ እኮ፤ ትንፋሽዎ ሸተተኝ» አለች ቀስ ብላ።

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩት።

«የደም ካንሰሩን ሴል አደብ ያስይዛል ያልከን መስሎኝ፣ የምሽቱን መግሪብ ሰግጄ፣ ዱዓ እያደረግሁ አሸሁለት።»

«ከሰውነት ውጭ ያለውን ሴል አልኩ እንጂ፣ እማዬ... ለሰው አይሆንም ማለት ነበረብኝ።»

«ልጄን ልቀቂው» አሉ ወደ የትናየት ዞረው። «ወንድሙን ይቅበር።»

«ይቅበር፣ እማማ።»

«‹ሞቀኝ፣ ተሻለኝ› አለኝኮ። ማቃሰቱን ሲያቆም ዳነልኝ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።»